ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው፦ የቤት ውስጥ ኔትወርክ በመብራት ገመድና በዋይፋይ

በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የዋይፋይ ኅብረት ለሰባተኛው ትውልድ ዋይፋይ የብቃት ማረጋገጫ መስጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋቢት የሚያስነብቡ ራውተሮች ገበያውን ሞልተውታል። ከጎናቸው ደግሞ ዳታን በመብራት ገመድ ውስጥ እናሳልፋለን የሚሉ፣ «2400» የሚል ቁጥር የታተመባቸው ጥንድ አዳፕተሮች ይሸጣሉ። ቁጥሩ በየጊዜው ያድጋል፤ በመጨረሻው ክፍል ያለው ቪዲዮ ግን ዛሬም ይቆማል፣ በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ድምፅ ዛሬም ይቆራረጣል።

በሁለቱ መካከል መምረጥ ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ነው። ለቤት ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የትኛው ነው ሳይዋዥቅ የሚዘልቀው? ይህን የሚወስነው የግድግዳው ዓይነት፣ የገመዱ ዝርጋታና በየሶኬቱ የተሰካው ዕቃ ነው። ካርቶኑ ላይ ስለነዚህ አንድም ቃል አይጻፍም።

መጀመሪያ የተደባለቀውን መለየት

በዕለት ተዕለት ንግግር «ዋይፋይ የለም» ሲባል አንዳንዴ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል ማለት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ራውተሩ ሩቅ ነው ማለት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ኢንተርኔት ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ቤቱ ድረስ የሚመጣው መስመር ነው። የቤት ውስጥ ኔትወርክ ደግሞ ያንን መስመር ከራውተሩ ተቀብሎ ወደ ስልኩ፣ ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ኮምፒውተሩ የሚያደርሰው ነው። ዋይፋይም ሆነ የመብራት ገመዱ የሚሠሩት በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ወደ ቤቱ የሚገባው 20 ሜጋቢት ከሆነ የትኛውም አዳፕተር 21 አያደርገውም።

ሌላም መደባለቅ አለ። «በመብራት ገመድ ኢንተርኔት ይመጣል» ሲባል የሰማ ሰው፣ የኤሌክትሪክ አቅራቢው ራሱ ኢንተርኔት የሚያከፋፍል ሊመስለው ይችላል። ያ ሌላ ሐሳብ ነው፤ ተሞክሮም ነበር። በእንግሊዝ ኖርዌብ የተባለው ሙከራ በ1999 ተዘግቷል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ የማናሳስ ከተማ በመንገድ የኤሌክትሪክ መስመሮች ለነዋሪዎቿ ኢንተርኔት ታቀርብ ነበር፤ እሷም በ2010 አገልግሎቱን አቆመች። በረጅም የውጭ መስመር ላይ ሲግናሉ ይደክማል፣ በየመንገዱ መሣሪያ መትከል ይጠይቃል፣ ከሬዲዮ ሞገድም ጋር ይጋጫል። ከዚያ ውድቀት የተረፈው በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚሠራው አጭሩ ዘዴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ገመዱ ኤሌክትሪክና ዳታን አብሮ የሚሸከመው እንዴት ነው?

በግድግዳ ሶኬት ያለው ኤሌክትሪክ እንደየአገሩ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ይህ የመርገብገብ ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። ፓወርላይን የሚባለው፣ ማለትም በመብራት ገመድ የሚሠራው አዳፕተር ዳታውን የሚጭነው ከ2 ሚሊዮን ኸርዝ ጀምሮ በሚገኝ፣ በአዲሶቹ ሞዴሎች እስከ 86 ሚሊዮን ኸርዝ በሚደርስ ሞገድ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ በመሆኑ መለየቱ አይከብድም፦ አዳፕተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ዝግተኛውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ያግዳል፣ ፈጣኑን የዳታ ሞገድ ግን ያሳልፋል። አንዱ አዳፕተር ራውተሩ አጠገብ ይሰካና በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኛል። ሌላው በሩቁ ክፍል ይሰካል። በመካከላቸው አዲስ ገመድ አይዘረጋም።

ሐሳቡ ትላንት የመጣ አይደለም። ኤክስ10 የተባለው፣ መብራትና ዕቃዎችን በቤቱ ገመድ በኩል የማዘዣ ሥርዓት በ1975 ነው የተሠራው። ለኮምፒውተር ኔትወርክ የዋለው፣ ሆምፕለግ የተባለው የአዳፕተሮች የጋራ ደረጃ የመጀመሪያ እትም በ2001 ወጣ፤ ጣሪያውም በሰከንድ 14 ሜጋቢት ነበር። በ2005 የመጣው ሆምፕለግ ኤቪ ወደ 200 አሳደገው። ኤቪ2 የተባለው ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ አንድ ብልሃት ጨመረ። ሶኬቱ ሦስት ሽቦ ካለው፣ ማለትም ፌዝ፣ ኒውትራልና የምድር ሽቦ፣ ዳታውን በአንድ ጥንድ ፋንታ በሁለት ጥንድ ሽቦዎች ላይ ይልካል። ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር በአብዛኛው ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው። የምድር ሽቦ ያልተዘረጋበት አሮጌ ቤት ያንን አዳፕተር ሲገዛ ከአቅሙ አንዱን ክፍል ከመነሻው ያጣል ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ አዳፕተሮቹ ከክፉ ገመድ ጋር የሚላመዱበት መንገድ ነው። የመብራት ገመድ ለዳታ ተብሎ አልተሠራም፤ በየቦታው ቅርንጫፍ አለው፣ ቅርንጫፎቹም ሲግናሉን እየመለሱ ከራሱ ጋር ያጋጩታል። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ በደህና ያልፋል፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። አዳፕተሮቹ ለዚህ መልስ የሚሰጡት ዳታውን በብዙ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ በመከፋፈል ነው። በሆምፕለግ ኤቪ የአሜሪካ አሠራር ሞገዶቹ 917 ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ምን ያህል ቢት እንደሚቻል ይለካል፤ ጥሩ በሆነው ላይ ብዙ ይጫናል፣ በደካማው ላይ ጥቂት፣ በሞተው ላይ ምንም። ልኬቱ በየጊዜው ይታደሳል። ለዚህም ነው አንድ ዕቃ ሲሰካ ፍጥነቱ ወዲያው ወርዶ፣ ትንሽ ቆይቶ በከፊል የሚያንሰራራው።

ገመዱን የሚያውኩት ዕቃዎች

ዋነኛ ጠላቶቹ ትናንሽና የማይጠረጠሩ ናቸው። የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የመብራት መጠን መቀነሻና የኮምፒውተር ኃይል ማቅረቢያ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየቆራረጡ ይሠራሉ። መቆራረጡ ትርፍ ሞገድ ይፈጥራል፤ በአግባቡ ካልተጣራ ወደ ገመዱ ተመልሶ ልክ ዳታው ባለበት ክልል ላይ ይቀመጣል። በርካሽ የተሠራ ቻርጀር በዚህ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ድምፅ አልባ በመሆኑ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ የራሱን ረብሻ እንዳያወጣ በመግቢያው ላይ ማጣሪያ አለው። ያ ማጣሪያ ግን የዳታ ሲግናሉንም ከረብሻ አይለየውም፤ ይውጠዋል። መብረቅና የኃይል መዋዠቅን የሚከላከሉ ባለብዙ ሶኬት ኤክስቴንሽኖች አዳፕተሩን የሚያሽመደምዱት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አዳፕተር በኤክስቴንሽን ወይም በዲቫይደር ላይ ሳይሆን በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ላይ ነው መሰካት ያለበት። በፊቱ ላይ የራሱ ሶኬት ያለው ሞዴል ከተገኘ ደግሞ ሌሎቹን ዕቃዎች በዚያ ላይ መሰካት ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው ማጣሪያ ረብሻቸው ወደ ገመዱ እንዳይመለስ ያግዳል።

ሦስተኛው የዝርጋታው ጉዳይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች በሁለት የተለያዩ ብሬከሮች ላይ ከሆኑ፣ ሲግናሉ እስከ ማከፋፈያው ቦርድ ሄዶ መመለስ አለበት። በዓይን አራት ሜትር የሚመስለው በገመድ ሠላሳ ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከወደቁ ደግሞ ሲግናሉ የሚሻገረው ጎን ለጎን ከሚሄዱት ገመዶች በሚፈሰው ያህል ብቻ ነው። አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። ከመሞከር በቀር ቀድሞ ማወቂያ መንገድ የለም።

ዋይፋይ የሚደክመው በሌላ ምክንያት ነው

የዋይፋይ ችግር በሰፊው ስለሚታወቅ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ዋይፋይ በዋናነት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ፣ በአዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ በ6 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ብዙ ዳታ መሸከም ይቻላል፤ ግድግዳ ማለፉ ግን ይከብዳል። ሲግናል በ10 ዴሲቤል ቀነሰ ማለት አንድ አሥረኛው ብቻ ቀረ ማለት ነው፤ ብረት ያለበት የኮንክሪት ግድግዳ ከዚህም በላይ ሊቀንስ ይችላል። መስታወት ከጀርባው ያለው የብረት ቅብ፣ የውኃ ታንክና ፎይል ያለበት የሙቀት መከላከያም እንዲሁ ያግዳሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአፓርታማ ውስጥ አሥርና ሃያ ራውተር በእነዚህ ሦስቱ ላይ ይሻማል።

ሆኖም እምብዛም የማይነገር አንድ ነጥብ አለ። በዋይፋይ ላይ የሚካፈሉት ፍጥነቱን ሳይሆን ጊዜውን ነው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚናገረው አንድ መሣሪያ ነው። ራውተሩ አጠገብ ያለ ላፕቶፕ በ600 ሜጋቢት፣ በሩቅ ክፍል ያለ ስልክ ደግሞ በ6 ሜጋቢት የሚነጋገሩ ከሆነ፣ ስልኩ ያንኑ መጠን ዳታ ለመውሰድ መቶ እጥፍ ጊዜ ይይዛል። ያ ሁሉ ጊዜ ከላፕቶፑ የተወሰደ ነው። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ደካማ ሲግናል የዚያ ክፍል ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መላውን ቤት ይጎትታል። ሲግናል ደጋሚ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዝን ውጤት የሚሰጡትም ከዚሁ የተነሳ ነው፦ የተቀበሉትን በዚያው ቻናል መልሰው ስለሚልኩ እያንዳንዱ ዳታ አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል። ሜሽ የሚባሉት፣ ብዙ ጣቢያዎችን እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያስተባብሩት ሥርዓቶች ለእርስ በርስ ግንኙነታቸው የተለየ ባንድ፣ ማለትም የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ሲኖራቸው ይህን ችግር ያቃልሉታል። በጣቢያዎቹ መካከል ወፍራም ግድግዳ ካለ ግን እነሱም ይደክማሉ።

ቁጥሮቹ ከየት ይመጣሉ?

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ገዢው የሚጠብቀውን ነገር አይለካም። ቁጥሩ በሁለት መሣሪያዎች መካከል በተመቻቸ ሁኔታ በገመዱ ወይም በአየሩ ላይ የሚያልፈውን ጥሬ ቢት ሁሉ ይቆጥራል። ከዚያ ላይ ለስህተት ማረሚያ፣ ተራ ለመጠበቅና ለመሣሪያዎቹ የእርስ በርስ መልእክት የሚሄደው ይቀነሳል። ዋይፋይም ፓወርላይንም መላክና መቀበልን በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ አያደርጉም። ስለዚህ ፋይል ሲገለበጥ የሚታየው ፍጥነት ከተጻፈው ግማሽ ቢሆን እንደ መልካም ዕድል ሊቆጠር ይገባል፤ በፓወርላይን ላይ ከዚያ እጅግ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

ሁለት ምሳሌዎችን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። «500» ወይም «600» የሚል ቁጥር ያላቸው ብዙ የፓወርላይን አዳፕተሮች የኔትወርክ ኬብል የሚገባባቸው ቀዳዳ የ100 ሜጋቢት ብቻ ነው። በገመዱ ላይ ምንም ያህል ዳታ ቢያልፍ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ከ100 አይበልጥም። ይህ የሚገኘው በካርቶኑ ጀርባ፣ በዝርዝሩ መሐል በትንሽ ፊደል ነው። በዋይፋይ በኩል ደግሞ «ኤኤክስ3000» የሚባለውን ራውተር እንውሰድ። ቁጥሩ የሁለት ባንዶች ድምር ነው፦ 574 ከ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 2402 ከ5 ጊጋኸርዝ። የተለመደ ስልክ በአንድ ጊዜ አንዱን ባንድ ብቻ ነው የሚጠቀመው። ብዙ ስልኮች ደግሞ የ5 ጊጋኸርዙን ሰፊ ቻናል ስለማይደግፉ ጣሪያቸው 1201 ነው፤ ይህም ጥሬው ቁጥር ነው።

በሌላ በኩል የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። 4ኬ የተባለውን ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለማየት ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት ይበቃል፤ ለቪዲዮ ስብሰባ ጥቂት ሜጋቢት። ስብሰባውን የሚያበላሸው የመዘግየት መዋዠቅ ነው። ዳታው አሁን በ3 ሚሊሰከንድ፣ ቀጥሎ በ200 ሚሊሰከንድ ሲደርስ ድምፁ ይሰባበራል። 40 ሜጋቢት ሳይዋዥቅ የሚያደርስ መስመር፣ 400 ደርሶ በየደቂቃው ከሚወድቅ መስመር ለአብዛኛው ቤት ይሻላል።

የሁለቱ ወገን ክርክር

የፓወርላይን ደጋፊዎች ዋና ነጥብ ግድግዳው ነው። ድንጋይ ወይም ኮንክሪት፣ ምድር ቤት፣ ከዋናው ቤት የተለየ ክፍል፤ የሬዲዮ ሞገድ የማይዘልቅበት ቦታ ሁሉ ገመዱ አስቀድሞ ደርሷል። የጎረቤት ራውተር አያጨናንቀውም፣ ተከራይም ግድግዳ መብሳት አይጠበቅበትም። ይህ እውነት ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ውጤቱ አይተነበይም ይላሉ። በአንዱ ቤት 200 ሜጋቢት የሰጠ ጥንድ በሌላው 20 ይሰጣል፤ ጠዋት የሠራው ማታ ማጠቢያ ማሽኑ ሲነሳ ይንቀራፈፋል። ይህም እውነት ነው።

እንደ እኔ ግን ክርክሩ ራሱ በተሳሳተ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ ሁለቱን እንደ ተቀናቃኝ ያስቀምጣቸዋል። ስልክና ታብሌት ኬብል ስለማይሰካባቸው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ከዋይፋይ ውጭ የሚያደርስላቸው የለም። ትክክለኛው ጥያቄ ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሁለተኛ ጣቢያ በሩቁ ክፍል ሲቀመጥ ዳታውን ከራውተሩ የሚያገኘው በምን በኩል ነው የሚለው ነው። የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ከተቻለ ሌላው ሁሉ ከክርክሩ ይወጣል፤ ካት5ኢ የተባለው ተራ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ሙሉ ጊጋቢት በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያደርሳል። ቤቱ ውስጥ የቴሌቪዥን ኮአክሲያል ኬብል ከተዘረጋም ሞካ የተባሉት አዳፕተሮች በዚያ ላይ ከፓወርላይን የተሻለ ይሠራሉ። ሁለቱም ከሌሉ፣ ግድግዳው ቀላል ከሆነ ሜሽ፣ ከባድ ከሆነ ፓወርላይን። ፓወርላይኑም ሲሠራ ትልቁ ጥቅሙ በሩቁ ክፍል ያለውን ደካማ መሣሪያ ከዋናው ራውተር አየር ላይ ማንሳቱ ነው፤ ከላይ የተገለጸው የጊዜ ሽሚያ ለመላው ቤት ይቀላል።

ከቤቱ ውጭ ያሉት ጉዳዮች

የመብራት ገመድ ሽፋኑ ለኤሌክትሪክ ደህንነት ነው የተሠራው፤ ሞገድ እንዳይወጣ የሚያግድ የብረት መከለያ የለውም። በሚሊዮን ኸርዝ የሚቆጠር ሲግናል ሲጫንበት እንደ አንቴና ይሆናል። ይህ ክልል ደግሞ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያዎችና አማተር ሬዲዮ የሚባሉት ፈቃድ ያላቸው ግለሰብ ሬዲዮ ተናጋሪዎች ቤት ነው። ቅሬታቸው የቆየና መሠረት ያለው ነው። በአውሮፓ በ2013 የወጣው ኢኤን 50561-1 የተባለ ደረጃ አዳፕተሮቹ የአማተር ሬዲዮ ባንዶችን በቋሚነት እንዲተዉ፣ የስርጭት ጣቢያ ሲሰሙም ያንን ፍሪኩዌንሲ እንዲለቁ ያዛል። ተመሳሳይ ግጭት ከቪዲኤስኤል ጋርም አለ፤ ይህ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ፈጣን ኢንተርኔት በአንዱ የተለመደ አሠራሩ እስከ 17 ሚሊዮን ኸርዝ ስለሚጠቀም፣ የስልኩ ሽቦ ከመብራት ገመድ ጎን ከሄደ ወደ ቤቱ የሚገባው ኢንተርኔት ራሱ ሊቀንስ ይችላል። ሰው የቤቱን ኔትወርክ አሻሽሎ ኢንተርኔቱን ሲያዳክም ማየት ያሳዝናል፤ አዳፕተሮቹን ነቅሎ ሞደሙ ላይ የሚታየውን የመስመር ፍጥነት ማወዳደር ግን ነገሩን ቶሎ ያጋልጠዋል።

ስለ ምስጢራዊነትም አንድ ቃል። ቆጣሪው ሲግናሉን ያደክመዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያግደውም፤ በአፓርታማ ውስጥ እስከ ጎረቤት ሶኬት ሊደርስ ይችላል። አዳፕተሮቹ ዳታውን በ128 ቢት ያመሰጥራሉ፤ ይህ በቂ ነው። ችግሩ የሆምፕለግ ኤቪ አዳፕተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የይለፍ ቃላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ እሱም «ሆምፕለግኤቪ» የሚለው የደረጃው ስም ራሱ ነው። በሁለቱም አዳፕተሮች ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ ተራ በተራ መጫን አዲስ የግል የይለፍ ቃል ይፈጥራል። ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማይዘልቅ ሥራ ነው፤ ፈጽሞ መዘለል የለበትም።

ቴክኖሎጂው ወዴት እየሄደ ነው?

ፓወርላይን እየሞተ ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። በቤት ኔትወርክ ገበያ ሜሽ ብዙ ቦታ እንደወሰደበት አይካድም። ዘዴው ግን በሌላ በር ገብቷል። ሲሲኤስ በሚባለው መሰኪያ ፈጣን ቻርጅ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ መኪና ስለ ባትሪው ሁኔታና ስለሚፈልገው ኃይል ከቻርጅ ማድረጊያው ጋር የሚነጋገረው ከሆምፕለግ በተወለደ፣ ግሪን ፋይ በተባለ ዘዴ ነው። ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎችም በብዙ አገሮች ንባባቸውን የሚልኩት በዚያው በመብራት መስመር ላይ ነው፤ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲና በዝግተኛ ፍጥነት።

በቤት ውስጥ ገበያ ደግሞ ሁለት ወገን አለ። አንዱ በሆምፕለግ ላይ የተሠራው ነው። ሌላው የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጣው ጂ.ኤችኤን ነው፤ እሱም በመብራት ገመድ፣ በስልክ ሽቦና በኮአክሲያል ኬብል ላይ እንዲሠራ የታቀደ ነው። «2400» የሚል ቁጥር ያላቸው አዳዲስ አዳፕተሮች በአብዛኛው የሁለተኛው ወገን ናቸው። ሁለቱ አይግባቡም። ከዚያም ይብሳል፤ አንድ ዓይነት የፍሪኩዌንሲ ክልል ስለሚጠቀሙ በአንድ ቤት ገመድ ላይ አብረው ሲሰኩ እርስ በርስ ሊረባበሹ ይችላሉ። አሮጌ ጥንድ ያለው ሰው ለሌላ ክፍል አዲስ ሊጨምር ሲያስብ፣ ከቁጥሩ በፊት የደረጃውን ስም ከሁለቱም መሣሪያ ላይ ማንበብ አለበት። አዲሱን ጥንድም መሞከር ያለበት ማታ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ ቻርጀሩ ሁሉ ተሰክቶ፣ ማጠቢያ ማሽኑም እየሠራ ነው። የመመለሻው ቀን ሳያልፍ።